በጊቱ በሣር ጦዘች ወይስ ታመመች? (ስለ ገብስ ቡቃያና ግራሚን ስለሚባለው ነገር)

የጓሳ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡14

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ እናቴን ግን አላሳቃትም።

ቅዳሜ ወደ መሐል ሜዳ ወጥቼ ነበር። ከእናቴ በጎች አንዷ፣ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ጥቁር በግ፣ አንገቷን ወደ ግራ ጥላ ትዞራለች። አትግጥም፣ ከመንጋው ጋር አትሄድም፣ ብቻ ትዞራለች። ካቡ ጋ ስትደርስ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ትቆማለች፤ ሰው ገፋ ሲያደርጋት ዙሩን እንደገና ትጀምራለች። እናቴ ዓይን በልቷት ነው አለች። ጎረቤት ደግሞ ጠበል ርጩባት አለ።

የአክስቴ ልጅ (ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው) ስልኩን አወጣና ሌላ ነገር ይዞ መጣ። እርከኑ ላይ የተተከለው ፋላሪስ የሚባለው ሣር ውስጥ ዲኤምቲ የሚባል ቅዠት የሚያሳይ ነገር አለ፣ በጊቱ ‹‹ጦዛለች›› አለን። በዚህም አላበቃ፤ የገብስ ቡቃያ ውስጥ ደግሞ ግራሚን የሚባል የዲኤምቲ የቅርብ ዘመድ አለ አለ። በጊቱ ባለፈው ሳምንት አጥር ጥሳ ያደረችው የበልጉ ገብስ ውስጥ ነው። አሁን እናቴ ገብሱን በክፉ ዓይን ታየዋለች። ‹‹በሶውንስ ለልጆቹ ልስጥ ወይስ ልተው?›› እያለች በቀን ሁለቴ ትደውልልኛለች።

የሚያውቅ ካለ በናታችሁ።

ጭጋግ ጣርማበር · 2፡31

እኔ ሠላሳ ዓመት በሶ በልቼ የያዘኝ እንቅልፍ ብቻ ነው። አስተናግር በልታ እንዳይሆን?

ሀገር ወዳድ · 2፡40

አትቀልዱ ወገኖች፣ ይሄ እኮ ትልቅ ሀብት ነው። ገብሱ የኛ፣ ቅጠሉ የኛ፤ ነገ ነጮቹ ስሙን ቀይረው መልሰው ይሸጡልናል። ግራሚን የሚወጣበትን መንገድ የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

መምህር ዘኬሚስትሪ · 3፡22

የጓሳ ልጅ፣ መጀመሪያ እናትህን አረጋጋ። በሶውን ይስጡ። ግራሚን ያለው ቅጠሉ ላይ ነው፣ ያውም ለጋ ሳለ። ተክሉ ባደገ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከአውድማ በሚገባው ፍሬ ውስጥ የለም።

የአክስትህ ልጅ ግማሹን ልክ ነው። ደብተር ላይ ብትስለው ቶሎ ይገባሃል። ባለ ስድስት ጎን ቀለበትና ባለ አምስት ጎን ቀለበት እንደ ሁለት ጎረቤት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሲቆሙ፣ ባለ አምስቱ ላይ አንድ ናይትሮጅን ሲገባበት ኢንዶል ይባላል። ብርቅ ነገር አይደለም። እንቁላልና ሥጋ ውስጥ ያለው ትሪፕቶፋን ይህ ቀለበት አለው፣ አንጎላችን የሚጠቀምበት ሴሮቶኒንም አለው። ኢንዶል ብቻውን በጥቂቱ ሲሆን የጀስሚን አበባ ሽታ ውስጥ የሚገኝ ነው፣ ሲበዛ ደግሞ የሰገራ ሽታ ይሆናል (ክፍል ውስጥ የተኛው ተማሪ የሚነቃው እዚህች ጋ ነው)።

ከቀለበቱ ጅራት ይወጣል፤ የጅራቱ ጫፍ ናይትሮጅን ነው። በዲኤምቲ ከቀለበቱ እስከ ናይትሮጅኑ ሁለት ካርቦን አለ፣ በግራሚን አንድ። ሌላ ልዩነት የላቸውም። ዲኤምቲ 12 ካርቦን፣ 16 ሃይድሮጅንና 2 ናይትሮጅን ነው፤ ግራሚን 11፣ 14 እና 2። ወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ። ግን ሞፈር አንድ ክንድ ቢያጥር ቀንበሩ ጋ ይደርሳል? ዲኤምቲ የሴሮቶኒን ተቀባዮች ላይ ገጥሞ ነው ቅዠት የሚያሳየው። ግራሚን ያንን እንደሚያደርግ የታየበት ነገር የለም።

ሀገር ወዳድ፣ በውስጥ መስመር የምጽፍልህ የለኝም። ዲኤምቲ እ.ኤ.አ. በ1971 በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከባድ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ውስጥ ነው። ግራሚን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አንድ ኩንታል ቡቃያ ብትጨምቅ የምታገኘው መራራ ውሃ ነው።

ሀገር ወዳድ · 3፡30

እሺ መምህር፣ አንድ ካርቦን ነው የጎደለው ካልክ ታዲያ መጨመር ነዋ?

መምህር ዘኬሚስትሪ · 3፡37

ወንድሜ፣ ያ ሌላ ወንጀል ነው፤ መልስም የለኝም። ይልቅ የሚገርመውን ልንገርህ። ገብሱ ራሱ ነው ካርቦኑን ቆርጦ የሚጥለው። መነሻው ትሪፕቶፋን ነው፣ የትሪፕቶፋን ጅራት ደግሞ ከቀለበቱ እስከ ናይትሮጅኑ ሁለት ካርቦን አለው። ግራሚን ከዚያ እንደሚመጣ ከድሮ ይታወቅ ነበር፤ ጅራቱ እንዴት እንደሚያጥር ግን ለረጅም ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ጋተርስሌበን፣ ጀርመን ያለው የዕፅዋት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ሥራውን የሚሠራውን ኤንዛይም አገኙት። አንዱ ኤንዛይም ጅራቱን ያሳጥራል፣ ሌላው ናይትሮጅኑ ላይ ሁለት ሜቲል (ባለ አንድ ካርቦን ቁራጭ) ይለጥፋል። ሁለቱን ዘረመል ወስደው እርሾ ውስጥ ቢያስገቡት እርሾው ግራሚን ሠራ። ማለትም ገብስ ወደ ዲኤምቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆኖ ሆን ብሎ ወደ ሌላ የታጠፈ ተክል ነው።

እንስሳት ሐኪም ሰላድንጋይ · 3፡58

ስለ ገብሱ መምህር ነግሮሃል፣ እኔ ወደ በጊቱ ልመለስ። ሁላችሁም ስለ ሞለኪዩል ስታወሩ እሷ እየዞረች ነው።

የጓሳ ልጅ፣ እነዚህን መልስልኝ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የምትዞረው? አንደኛው ዓይኗ ያያል? እጅህን ስታወናጭፍባት ትርገበገባለች? ግንባሯን በአውራ ጣት ስትጫነው የሚሰረጉድ ቦታ አለ? እና ግቢው ውስጥ ውሻ አለ?

የፋላሪስ ነገር ውሸት አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በደንብ የታወቀ የበግ በሽታ ነው። ሣሩ ውስጥ ያሉት ዲኤምቲና ዘመዶቹ የበጉን ነርቭ ይይዙታል። ግን አካሄዱ ይህ አይደለም። የፋላሪስ በግ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ ጆሮዋን እያራገፈች፣ ስትባረር እግሯ ተሳስሮባት በጉልበቷ ትሄዳለች፣ ትወድቃለች፤ ዝም ብለህ ስትተዋት ተነሥታ ትግጣለች። የሞተችው ስትከፈት አንጎሏና ኩላሊቷ ላይ አመድማ አረንጓዴ ቀለም ይገኛል፣ ከነዚያው ኢንዶሎች የቀረ ነው። እነሱ ኮባልት እየሰጡ ይከላከሉታል። ያንተን በግ ግን ስትገልጻት ሌላ ነገር ነው የታየኝ። አስተናግርም አይደለም።

የጓሳ ልጅ · 4፡20

አሁን ደውዬ ጠየቅኋት። ወደ ግራ ብቻ ነው። የቀኝ ዓይኗ ላይ እጇን ብታወናጭፍ አልረገበገበችም። ግንባሯ በግራ በኩል ሲጫኑት ‹‹እንደ በሰለ ሙዝ ይላል›› አለች። ውሻ አለ፣ ሁለት። ለገና የታረደውን በግ ጭንቅላት እነሱ ናቸው የበሉት።

እንስሳት ሐኪም ሰላድንጋይ · 4፡34

አዙሪት ነው። መንዝ ውስጥ በግ ያለው ሁሉ የሚያውቀው አዙሪት፤ እናትህ ዓይን ስላሉ ነው ያልመጣላቸው።

ኮሶ ትል ነው፣ የውሻ ኮሶ። ውሻው የታመመ በግ አንጎል ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በኩሱ ግጦሽ ላይ ይበተናል፣ በጊቱ ከሣሩ ጋር ትውጠዋለች። ከዚያ ወደ አንጎሏ ሄዶ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ በግራ በኩል ስለሆነ ወደ ግራ ትዞራለች፣ ተቃራኒው ዓይን ይጠፋል፣ አጥንቱም ከውስጥ እየተገፋ ይሳሳል። የገናው ጭንቅላት ግን አይደለም፤ ከገና እስከ ዛሬ ያለው ጊዜ ለዚህ አይበቃም። ከዚያ በፊት የተጣለ ነው።

በቀዶ ሕክምና ከረጢቱን ማውጣት ይቻላል። መሐል ሜዳ ላይ ለአንዲት ዓመት ላልሞላት በግ ማን እንደሚሠራው ግን አንተው ታውቃለህ። ብዙ ሰው አርዶ ይበላል፤ ሥጋዋ በባለሙያ ታይቶ ይበላል። ጭንቅላቷ ግን ለውሻ እንዳይሰጥ፣ ይቃጠል ወይ ጠልቆ ይቀበር። ውሾቹንም ፕራዚኳንቴል አስውጧቸው።

የጓሳ ልጅ · 4፡41

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሁዳዴ ላይ እኮ ነን። ማን ያርዳታል?

እንስሳት ሐኪም ሰላድንጋይ · 4፡45

እሱን ሳልረሳው ነው። ሦስት ሳምንት ናት። ለብቻዋ አስራችሁ፣ ሣርና ውሃ አፏ ድረስ ካቀረባችሁላት ልትደርስ ትችላለች። ገደል ካለበት አርቋት።

ጡረተኛው አንኮበሬ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጆች፣ ዕድሜዬን በገብስ ማሳ ላይ ስለጨረስኩ ትንሽ ልበል።

ግራሚን ለገብስ ምኑ ነው ብላችሁ አልጠየቃችሁም። አጥሩ ነው። ክሽክሽ ግራሚን የበዛበትን ቅጠል አይወድም፤ ከብትም ቢሆን የመረረ ሣር ይገፋል። አሜሪካኖቹ ከፋላሪስ ወገን የሆነውን አንዱን ሣር ከብት አልበላ ሲላቸው ግራሚንና አልካሎይድ የሚባሉት ሌሎች መራራ ነገሮች ያነሱበትን ዝርያ መርጠው አራብተዋል። ገብስ አረምን የሚያቀጭጨውም በከፊል በዚሁ ነው ይባላል። የዱሩ ገብስ ብዙ አለው፤ ሰው ሲመርጥ፣ ሲያዳቅል በኖረው ዝርያ ላይ ግን ቀንሷል፣ ጨርሶ የሌለውም አለ። ማንም ‹‹ግራሚኑን እንቀንስ›› ብሎ አላሰበም፤ ሳይታሰብ የጠፋ ነው።

ለዚህ ነው እኔ ፈረስ ጋማና ጠምዥ የመሰሉ የአገር ገብሶች ምርታቸው አነሰ ተብሎ ሲጣሉ የሚከፋኝ። ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1927 እዚህ ድረስ የመጣው ይሄን የእህል ልዩ ልዩነት ፍለጋ ነው። ገብስን የሚያቀጭጨውን ቢጫ የቫይረስ በሽታ የሚቋቋመው ዘረመል ካሊፎርኒያ የደረሰው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ሌላ፦ ስለ ሚያሳብድ ኢንዶል ማውራት ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ጎረቤታችን ወሎ ውስጥ ምን እንደሆነ ትልቅ ሰው ጠይቁ። ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ የገብሱን ማሳ ስናር ወረረው። ስናሩ ላይ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነበር፣ በፍሬው ቦታ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ነገር ያወጣል። ሰው ከገብሱ ጋር ፈጭቶ በላው። የደም ሥር አኮማትሮ የሰው ጣትና እግር አደረቀ፣ ጠቁሮ እስኪወድቅ። የዚያ ፈንገስ መርዝ ቀለበቱ መምህር የሳለው ያው ኢንዶል ነው፤ የስዊዘርላንዱ ሆፍማን ቅዠት የሚያሳየውን ኤልኤስዲን እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራው ከዚሁ ከኤርጎት ተነሥቶ ነው። ስናሩን ከገብሱ የምታበጥር እናት ምን እየሠራች እንደሆነ እወቁ።

መምህር ዘኬሚስትሪ · 1፡48

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። የወሎውን አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ እነግራቸዋለሁ።

የጠላ ቤት እመቤት · 3፡05

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፣ ገብሱ ሲበቅል ነው ይሄ ነገር የሚመጣው። ታዲያ ብቅል ምንድን ነው? በቅሎ የደረቀ ገብስ አይደል?

መምህር ዘኬሚስትሪ · 3፡40

እቴ፣ እስካሁን ከተጠየቀው ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ይሄ ነው። ልክ ነሽ፣ ሲበቅል ጎንቆሉ ላይ ትንሽ ይፈጠራል። ሆርዴኒን የሚባል ሌላም አብሮት አለ፣ እሱ ኢንዶል አይደለም። በጠላው ውስጥ የሚያሰክረው አልኮሉ ነው፣ ከነዚህ አንዳቸውም አይደሉም።

ፋብሪካዎቹ ግን አንድ ጊዜ ተቸግረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ቢራ ሲመረመር ካንሰር አምጪ የሆነ ኒትሮዛሚን ተገኘበት። ብቅሉን የእሳቱ ጢስ በቀጥታ እያለፈበት ነበር የሚያደርቁት፤ የጢሱ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከግራሚንና ከሆርዴኒን ጋር ተገናኝቶ የሠራው ነው። ጢሱ ብቅሉን እንዳይነካ አድርገው ማድረቂያውን ሲለውጡት ቀነሰ። አንቺ ብቅልሽን የት ነው የምታደርቂው?

የጠላ ቤት እመቤት · 3፡44

ፀሐይ ላይ ነዋ፣ ሰሌን ላይ። የት ላደርቀው ኖሯል?

ጥርስ ነቃይ ሸዋሮቢት · 6፡15

ቆላ ሆኜ ዘግይቼ ደረስኩ። ግራሚን የሚለውን ሳይ ዘለልኩ፣ ይሄ ስም የእኔ ሙያ ነው እኮ!

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ስቶክሆልም ውስጥ ሃንስ ፎን ኦይለር የሚባል (በ1929 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመ) አረንጓዴ ቀለማቸው የጎደለ የገብስ ዝርያዎችን ሲመረምር ነው ግራሚን የተገኘው። በዚያው ዘመን ሩሲያዊው ኦሬሆቭ ከሸምበቆ አውጥቶ ዶናክሲን ብሎታል፤ አንድ ሆነው ተገኙ። እዚያው ስቶክሆልም ሆልገር ኤርትማን የሚባል ወጣት ኬሚስት ቅርጹን ለማጣራት ሲሠራ የሠራው የግራሚንን ወንድም ሆነ፣ ጅራቱ ከቀለበቱ ሌላ ጥግ የበቀለውን። ኢሶግራሚን። እንደ ዘመኑ ኬሚስቶች ምላሱ ላይ ጣል አድርጎ ቀመሰው። ምላሱ ደነዘዘ።

የገብሱ ግራሚን ግን አያደነዝዝም። ጅራቱን ቦታ ያሳተው ነው ያደነዘዘው። ኤርትማን ከኒልስ ሎፍግሬን ጋር ሆኖ ዘመዶቹን አንድ በአንድ መሥራት ጀመረ፤ ኢንዶሉን ራሱን ጥለው በቀለሉ ቅርጾች ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሎፍግሬን ማደንዘዣውን ሊዶካይንን ሠራ። ቤንግት ሉንድክቪስት የሚባል ተማሪ መርፌውን ራሱ ላይ እየወጋ ፈተነው። በ1948 ገበያ ላይ ዋለ።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰው ወግቻለሁ። አንዲት እናት ጥርሷን ስነቅልላት ‹‹ከምንድን ነው ይሄ መድኃኒት?›› ብላ ከንፈሯ ደንዝዞ ስትኮላተፍ ጠየቀችኝ። ‹‹ከገብስ›› አልኳት፣ ሙሉ እውነት ባይሆንም። አላመነችኝም። ‹‹ገብስማ እኔም አለኝ›› አለችኝ።

ሀገር ወዳድ · 6፡29

ስዊድኖቹ ገብሳችንን...

ጭጋግ ጣርማበር · 6፡30

የራሳቸው ገብስ ነው ወዳጄ፣ እነሱም ገብስ ይበላሉ።

የጓሳ ልጅ · ከአንድ ወር በኋላ፣ ሰኞ ከምሽቱ 1፡50

እንኳን አደረሳችሁ። ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

በጊቱ ለፋሲካ ደረሰች፣ ከስታ ግን ደረሰች። ቅዳሜ ማታ ታረደች። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ ጭንቅላቷን በመጥረቢያ ከፈተልን። በግራ በኩል የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ቆዳው እንደ ስስ ላስቲክ የሆነ፣ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወጣ። ከውስጡ ግድግዳው ላይ ሰሊጥ የተበተነበት የመሰለ ነጭ ነጭ ነጥብ አለው፤ እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ትል ራስ ነው አለን። እናቴ አማተበች። ጭንቅላቱን ከጓሮ አቃጠልነው፣ ሁለቱ ውሾች ትንሽ ራቅ ብለው ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አላወጣም።

ፋላሪሱ እርከኑ ላይ እንዳለ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ከእናቴ አለ። ገብሱ ላይ ክሽክሽ ወጥቶበታል፣ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል። ‹‹ያ አጥር ነው ያላችሁት የታል?›› ትላለች።

ጡረተኛው አንኮበሬ · 2፡35

እናትህ ተመራማሪ መሆን ነበረባቸው። ግራሚኑ የሚቀመጠው በቅጠሉ ቆዳና ሥጋ ውስጥ ነው፤ ጣፋጩ ውሃ በሚወርድበት ቧንቧ ውስጥ የለም። ክሽክሽ መርፌ አፏን አሹልካ እሱን ቧንቧ ካገኘች ከዚያ በኋላ የምትጠጣው ንጹሕ ስኳር ነው። የሚያስቸግራት መግቢያው ላይ ነው።

የጓሳ ልጅ · 2፡52

ነገርኳት። ‹‹እንደዚያች በግ በላ›› አለችኝ፣ ‹‹አጥሩን እስክትጥስ ነው።››